የገጠመች የምትመስል ማብሪያ

የማሽን ዲያግራም ሳይ ያቅለሸልሸኛል። የሳለው ሰው በዕድሜው ማሽን ነክቶ እንደማያውቅ እምላለሁ። ሁለት ማብሪያዎች ቁርጥ መንትያ ሆነው ይሳላሉ፤ ሁለቱም ገጥመው፣ ኤሌክትሪክ አሳልፈው ይታያሉ። አንደኛዋ በራሷ የገጠመች ናት፤ ሲጫኗት ትላቀቃለች። ሌላዋ የገጠመችው ስለተጫኗት ብቻ ነው፤ ሲለቋት ትላቀቃለች። ልዩነታቸው የማብሪያዋ ክንድ ከነጥቡ በላይ ወይም በታች መሆኑ ነው፤ እሱም ፎቶ ኮፒው ካልበላው!

ሓድነት ሰፈር አንድ ዳቦ ቤት የሊጥ ማቡኪያው የክዳን ማብሪያ ተቃጥላ እንድጠግን ጠሩኝ። ክዳኑ ሲከፈት ማሽኑን የምታቆመው እሷ ናት። ዘይት የጠጣውን ዲያግራም ገረፍ አድርጌ አየሁና፣ በራሷ የገጠመች ናት ብዬ አዲሷን አሰርኩ። ክዳኑን ስንዘጋ ማሽኑ ቀጥ አለ። ሲከፈት ዞረ። ያኔ ወረቀቱን ደግሜ ማየት ነበረብኝ። እኔ ግን በዕቃው አሳበብኩ።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ሥራ ቆሟል፤ ዳይሬክት አድርገው በቃ» አለ ባለቤቱ።

ይህ ዳይሬክት የሚሉት ነገር የሙያችን ቆሻሻ ነው፤ ያልገባንን ሁሉ በአንድ ቁራጭ ሽቦ እንዘለዋለን። እኔም ማብሪያዋን ዘለልኳት። ማሽኑ ክዳኑ ቢዘጋም ቢከፈትም ዞረ። ጎበዝ ተብዬ፣ ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። በማግስቱ ጠዋት ሮማናት ካፌ ቁጭ ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁት። የማብሪያዋ ክንድ ከነጥቡ በታች ነበር። ክዳኑ ሲጫናት ብቻ የምትገጥም ማብሪያ! ማኪያቶዬን ትቼ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ስደርስ ሊጥ የምታቦካው ሴትዮ ክዳኑን ገልጣ፣ እጇን እስከ ክርኗ ከትታ የገንዳውን ጠርዝ ትጠርጋለች። ሊጡን የሚያቦካው የብረት መንጠቆ ከክንዷ አንድ ስንዝር ርቆ ይዞራል። አይታኝ ፈገግ አለች።

«ወደይ፣ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ! ድሮ በከፈትኩ ቁጥር ይቆምብኝ ነበር፤ አሁን ሳላቆመው እጠርጋለሁ።»

ምርቃቷ እንደ ትፋት ፊቴ ላይ አረፈ። ራሴን ተጸየፍኩት። ሮጬ ኃይሉን አጠፋሁ፤ ያችን ቁራጭ ሽቦ ነቅዬ ጣልኩና ማብሪያዋን እንደሚገባ አሰርኩ።

ማሽኑ ሲነሳ ክዳኑን ከፈተችው። ቀጥ አለ። ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። አሁንም ቆመ።

«ምን ነካህ? ትናንት አይሻልም ነበር?» ብላ ሁለት እጆቿን ፊቴ ላይ አወራጨች። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ጣቶቿን እየቆጠርኩ ነበር።