የገበየሁ መንጋጋና የዓለሜ ዋስትና

ሸማኔው ገበየሁ ፈሪ ሰው ነበር። ይህ ሐሜት አይደለም፤ እሱ ራሱም ሲጠይቁት አይክድም። ውሻ ይፈራል፣ መብረቅ ይፈራል፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሙ ከተጠራ ከመቀመጫው መነሳት ያቅተዋል። ሽሮ ሜዳ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው የማኅበሩ ሽመና ቤት እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ጥበብ ሲጥል ያየው ሁሉ እጁን እንጂ ፊቱን አያይም። ሰው ፊቱን ማየት የጀመረው የቀኝ ጉንጩ ሲያብጥ ነው።

የሸማኔ ጥርስ ሥራ ይበዛበታል። መቀስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አለ፤ ነገር ግን ድሩን ትቶ መቀስ ፍለጋ የሚነሳ ሸማኔ በጓደኞቹ ዘንድ መሳቂያ ነው። ክር በጥርስ ይበጠሳል፤ አባትም አያትም እንዲያ ነው ያደረጉት። ገበየሁ የቀኝ መንጋጋው ሲያመው በግራው መበጠስ ጀመረ። ቅርንፉድ ነከሰ፣ ነጭ ሽንኩርት ያዘበት፣ ቁስቋም ማርያም ወጥቶ በጠበል ተጉመጠመጠ። እብጠቱ ሲሄድ ሲመጣ ከረመና አንድ ሰሞን መጥቶ በዚያው ቀረ። አፉን መክፈት ሲያቅተው ሚስቱ ጽጌ እጁን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችው።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«የመንጋጋ ጥርስህ ሥር ከአጥንቱ ጋር ተያይዟል» አለው። «መግሉ ደግሞ አጥንቱን እየበላው ነው። በዚህ ባለን መሣሪያ ላውጣው ብል መንጋጋህ ሊሰበር ይችላል።»

«ቢተውስ፣ ዶክተር?»

«ከተተወ መግሉ ደም ውስጥ ይገባል። ያኔ የምናጣው ጥርስህን ሳይሆን አንተን ነው። ውጭ አገር ቢሆን ቀላል ነበር፤ ግን ምን ዋጋ አለው።»

ሌላ ሸማኔ ቢሆን የውጭ አገሩ ወሬ እዚያው ላይ ባበቃ። ገበየሁን ግን በዚያው ሰሞን ማኅበሩ መርጦት ነበር፤ ምሥራቅ ጀርመን በሚደረግ የንግድ ትርዒት ላይ ተቀምጦ ጎብኚዎች እያዩት ሸማ ሊሠራ። አብዮቱ ዐሥረኛ ዓመቱን ለማክበር ሽር ጉድ የሚባልበት ጊዜ ነው፤ በየማኅበሩ ለአገር ስም የሚያስጠራ ሰው ይፈለግ ነበር። ፈረንጅ ፊት መቀመጡ ራሱ እንቅልፍ ነስቶት ሳለ የጥርሱ ነገር ተጨመረበት። ለትርዒቱ ልብስ ልትመርጥ የመጣች ጀርመናዊት ጉንጩን አይታ በአስተርጓሚ ጠየቀችና፣ እዚያ ከደረሰ ያለ ክፍያ እንደሚታከም ቃል ገባች። ችግሩ፣ ቡድኑ ትርዒቱ እንዳለቀ ይመለሳል፤ ገበየሁ ግን ቁስሉ እስኪሽር ብቻውን እዚያ መሰንበቱ ነው።

በዚያ ዘመን ከቡድን ተነጥሎ ውጭ አገር መሰንበት እንዲህ ቀላል ነገር አልነበረም። ዋስ ሳያቆም ከአገር የሚወጣ የለም። ሰውየው ካልተመለሰ ዋሱ ይጠየቃል። መጠየቅ ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ጉለሌ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ቀጨኔ ውስጥ ጉልላት የሚባል አናጢ ለእህቱ ልጅ ዋስ ሆኖ፣ ልጁ ለትምህርት ሄዶ በዚያው ወደ ሌላ አገር ተሻገረ። ጉልላት ተወሰደ። ሚስቱ እስካሁን ስንቅ ታመላልሳለች፤ ባሏ በሕይወት መኖሩን የምታውቀው ሳህኑ ባዶውን ሲመለስላት ነው።

ይህን ሁሉ እያወቀ ለገበየሁ ዋስ የሆነው ዓለሜ ነው። ዓለሜ ከገበየሁ አጠገብ ባለው ጉድጓድ የሚሠራ ሸማኔ ነው። በልጅነታቸው ከጨንቻ አብረው መጥተው፣ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው አድረው፣ ትዳርም የያዙት በአንድ ዓመት ነው። ልጆች አሉት፤ ትንሿ ገና ጡት አልተወችም። ሲፈርም እንኳ ቀለደ።

«አንተ ፒያሳ ወርደህ መመለሻው የሚጠፋህ ሰው ነህ። የት አባክ ትኮበልላለህ?» አለው።

ሁለቱም ሳቁ፤ ገበየሁ በግራ ጉንጩ ብቻ።

ፍርሃቱ የበረታው ፊርማው ካለቀ በኋላ ነው። ቤት ሲገባ ከጽጌ ጋር የሚያወራው ሌላ ወሬ ጠፋ።

«በመርፌ ነው አሉ የሚያስተኙት» ይላል።

«ታዲያ ዓይንህን አፍጥጠህ ልታይ ነው የፈለግኸው?»

«ባልነቃስ?»

«እዚህ ብትቀርስ?»

ይሄኔ በሌላ በኩል ይመጣል። «ቋንቋቸውን አላውቅ። ደህናውን ጥርስ ቢነቅሉብኝ በምን አፌ እነግራቸዋለሁ?»

ጽጌ ገበያ ውላ ነጠላ የምትሸጥ፣ ነገር የማይከብዳት ሴት ናት። ቀይ ክር መዘዘችና «በል አፍህን ክፈት» አለችው። የታመመውን ጥርስ በክር አስራ ልትልከው ነው፤ ሐኪሙ ቋንቋ ባያውቅ ቀይ ቀለም አይጠፋውም። ክሩ ድዱን ሲነካው ገበየሁ ጮኾ ጎረቤት ሰበሰበ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። ጽጌ ስትስቅ ቆይታ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እብጠቱ በየዕለቱ ወደ አንገቱ እየወረደ መሆኑን እሷም ታያለች።

የሚሄድበት ቀን ሲቃረብ ገበየሁ ወደ ነፍስ አባቱ ወጣ። አባ ስብሐትን ቁስቋም፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው።

«አባ፣ ልሞት ነው መሰለኝ» አላቸው መስቀል እንደተሳለመ።

«ለጥርስህ ነው የምትሄደው አላልከኝም እንዴ?»

«ለጥርሴ ነው። ግን በመርፌ አስተኝተው ነው።»

አባ ስብሐት ሳቃቸውን ዋጡት፤ በሚፈራ ሰው ላይ መሳቅ አይወዱም። ንስሐውን ተቀበሉትና፣ ለከባድ ሕክምና የሚሄድ ምእመን ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የተቀየመውን ሰው ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ቤቱን አሰናድቶ እንዲሄድ መከሩት። ገበየሁ ደግሞ ያሉትን ነገር አብዝቶ የሚያደርግ ሰው ነው።

ከቅዳሴ መልስ ከሰፈሩ ጫፍ ጀመረ። በየደጁ እየቆመ «ሳላውቅ ያስቀየምኩህ ነገር ካለ ለእግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ» ይላል። ድሮ በቧንቧ ውሃ ወረፋ የተጣላትን ሴትዮ ሳይቀር እግሯ ላይ ወድቆ ታረቀ። አዲሱን ጋቢውን ለአንድ ለታመሙ ሽማግሌ ሰጠ። የሽመና ዕቃውን ፈታትቶ፣ ጠራርጎ፣ በአቡጀዲ ጠቅልሎ ለጽጌ አስረከባት። ያለቀሱለትም ነበሩ። ገበየሁ ቀለል አለው፤ እንግዲህ ቢሞትም ማንም አይረግመውም።

ይኸው ነገር ከወዲያ ማዶ ሲያዩት ምን እንደሚመስል ለአፍታም አልታየውም። ሰፈሩን ተሰናብቶ፣ ዕቃውን ጠቅልሎ፣ ጋቢውን መጽውቶ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው በዚያ ዘመን አንድ ስም ብቻ ነበረው፤ ኮብላይ።

ከዚያ በኋላ ዓለሜ ሥራ ቦታ አልመጣም። ገበየሁ ታሞ ይሆናል ብሎ ሊጠይቀው ሲሰናዳ፣ ጽጌ ከገበያ የሰማችውን ይዛ መጣች። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈድሉ ዓለሜን ከጉድጓዱ አስጠርተውት ነበር። ወንበር እንኳ አልሰጡትም። «ያንተ ሰው ሰፈሩን እየተሰናበተ ነው አሉ። የሚመለስ ሰው ምን ስንብት ያስፈልገዋል? ነግሬሃለሁ» ብለው ሸኙት፤ ሌላ አልተናገሩም።

ገበየሁ ይህን ሲሰማ ነጠላውን አንስቶ ወጣ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ ገዛ ሞቱ ሲጨነቅ ስለ ዓለሜ አንድም ቀን አላሰበም። ወደ ዓለሜ ቤት እየሄደ፣ ቀደም ብሎ ሊያስበው የሚገባውን ነገር ያን ጊዜ ማሰብ ጀመረ። ቁስሉ በተባለው ጊዜ ባይሽርስ? ፈረንጆቹ ጥቂት ተጨማሪ ጊዜ ይተኛ ቢሉስ? እሱ በነጭ አንሶላ ላይ ተኝቶ፣ አፉ ታሽጎ፣ የማያውቀውን ቋንቋ ሲሰማ፣ እዚህ የዓለሜ በር ይንኳኳል። ማን ይሰማዋል? ለማንስ ይነግራል? ባይሄድ ደግሞ መንጋጋው አለ፣ መግሉ አለ፣ ሐኪሙ ያለው ሞት አለ። ከሁሉ በታች ሌላ ሐሳብ ነበር፤ ባይሄድ መርፌውም አይኖርም፣ አውሮፕላኑም አይኖርም። ይህ ሲመጣበት ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አፈረ።

ዓለሜ በጠራራ ፀሐይ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሏል። ግባ አላለውም።

«ገበየሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ቀና ሳይል። «ትመለሳለህ?»

«ቁስቋም ማርያምን፣ ካልሞትኩ እመለሳለሁ።»

«ብትሞትማ ምንም አይደል» አለ ዓለሜ። «ሬሳህን ይልኩልናል። ለቀበሌው «ይኸው፣ ተመልሷል» የምለው ነገር ይኖረኛል።»

ዓለሜ ያለው ነገር ለራሱም ቆይቶ ነው የተሰማው፤ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ?» አለ። «ልጆቼን ሳያቸው ነው። ሰው በደጅ ሲያልፍ ለእኔ የመጣ ይመስለኛል። ፊርማዬን አላነሳም፣ ሂድ፤ አላነሳም። ግን ፈራሁ፣ ገበየሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።»

ገበየሁ አጠገቡ ተቀመጠ። ፍርሃትን ያውቀዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖሯል። በዓለሜ ፊት ላይ ግን አይቶት አያውቅም። ዓለሜ እኮ ውሻውን በድንጋይ የሚያባርርለት፣ ስብሰባ ላይ ስሙ ሲጠራ በክርኑ ጎሸም አድርጎ የሚያስነሳው ሰው ነው።

ከዚያ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄደ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጀርመን መሄዱን ትቼዋለሁ» አላቸው።

«ምን ተገኘ?»

«መርፌ ፈራሁ።»

ጓድ ፈድሉ ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ሳቁ። ጸሐፊውም ሳቀ፤ ወረፋ የሚጠብቀውም ሰው ሳቀ። ማኅበሩ ሌላ ሸማኔ ላከ። ወሬው ከሽሮ ሜዳ እስከ ቀጨኔ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም፤ መርፌ ፈርቶ ከጀርመን የቀረው ገበየሁ ተባለ። ይቅርታ የጠየቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ተሳለቁበት፤ ጋቢውን የመለሰለት ግን የለም። ያልሳቀችው ጽጌ ብቻ ናት።

«መርፌ ፈራህ» አለችው። «እኔ ባል አልባ መቅረቴን ግን አልፈራህልኝም።»

ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ጣለው። እብጠቱ አንገቱን ያዘ፣ ምራቁን መዋጥ አቃተው፣ ትንፋሹ ማፏጨት ጀመረ። ጽጌና ዓለሜ ደግፈው ሆስፒታል አደረሱት። ሐኪሙ ገና ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ማደንዘዣ ወጋው፤ መግል ባለበት ቦታ ማደንዘዣ በደንብ እንደማይሠራም አስቀድሞ ነገረው። ያ ሁሉ የተፈራው መርፌ ምንም አልነበረም። ነርሶቹ ትከሻውን ያዙት። ገበየሁ ከራሱ ውስጥ ቋ ሲል ሰማ፤ ጥርሱ ይሁን አጥንቱ አላወቀም። ሁለቱም ነበሩ። ጥርሱ ወጣ፣ መንጋጋው ተሰበረ፣ የላይና የታች ጥርሱን በሽቦ አስረው አፉን ዘጉት። መግሉ ደም ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም፤ ይጠበቅ አለ።

ጠበቁ። ገበየሁ ዓይኑን በከደነ ቁጥር የማይነቃ እየመሰለው ሲንቀጠቀጥ ሰነበተ። በኋላ ትኩሳቱ ቀስ በቀስ ወረደ፤ የአንገቱም እብጠት ጎደለ። ፊቱ ግን ወደ ቀኝ ተጣሞ ቀረ።

ዓለሜ በየቀኑ አጥሚት ይዞ ይመጣ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና፣ ጥርሱ በወጣበት ክፍተት በኩል በማንኪያ ጠብ ጠብ ያደርግለታል። አገጩንም በነጠላው ጫፍ ይጠርግለታል። ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አሳረፈና ግራ ቀኙን አየ።

«ገበየሁ፣ ለእኔ ብለህ ነው አይደል የቀረኸው?» አለው በዝግታ። «ሰው መርፌ ፈርቶ ነው ይላል። እኔ ግን አውቃለሁ። ለእኔ ብለህ ነው፣ አይደል?»

የገበየሁ አፍ በሽቦ ታስሯል፤ መናገር አይችልም። ራሱን ለአዎም ሆነ ለአይደለም መነቅነቅ ግን ይችል ነበር። ዓለሜ ዓይን ዓይኑን እያየ ጠበቀው፤ ገበየሁ ግን ያኔ መርፌው እንደሚቀርለት ሲያስብ ደስ ያለው ትዝ አለውና ወዲህም ወዲያም አልነቀነቀም። ዓለሜም ማንኪያውን አንስቶ አጥሚቱን ቀዳለት።