ጨው የላሰ ሙክት

ትዕዛዙ በራቤል ገበያ ሃያ ዓመት በግ ነግዷል። የበግ ሽንጥ በሁለት ጣቱ ጨብጦ ይሄን ያህል ኪሎ ነው ካለ አለቀ፤ ሚዛን እንኳ አይከራከረውም። የራሱን ሽንጥ ግን ማን ይጨብጥለት? መኪና ከገዛ ወዲህ እግሩ መሬት የሚነካው ከመኪናው ሲወርድ ብቻ ነበር።

መስከረም ላይ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲመረመር፣ ነርሷ ሳሌም «ጋሼ ትዕዛዙ፣ ስኳሩ ደጃፍዎ ላይ ቆሟል፤ ገና አልገባም። በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ፣ ክብደትም ይቀንሱ። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና አይዎታለሁ» አለችው።

ለሌላ ሰው ቢሆን ምክር ነው። ትዕዛዙን ግን አጥንቱን ነካው። አባቱ አቶ ጌጡ በስኳር ምክንያት ቀኝ እግራቸውን ተቆርጠው ነው የሞቱት። ለፋሲካ ከተገዛላቸው ኮንጎ ጫማ ግራው ተጫምተውት አለቀ፤ ቀኙ እንደ አዲስነቱ እስከ ዛሬ አልጋ ሥር አለ። ትዕዛዙ ያን ጫማ ሊጥለው አልቻለም።

«እኔ እግሬን አልሰጥም» አላት ለሚስቱ ለጥሩሸዋ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ከከተማው በላይ ያለውን የሚካኤልን ዳገት ተያያዘው። ዳገት አይሉት ግድግዳ! የመጀመሪያ ቀን እኩሌታው ላይ ተዘርፍጦ አለከለከ። በሦስተኛው ቀን ጭኑና ባቱ እንደ ተቀጠቀጠ ሰው አመመው፤ ከአልጋ የወረደው የጥሩሸዋን ትከሻ ይዞ ነው። ቢሆንም ሄደ። እራቱን ቀነሰ፣ ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረ፣ ምሬቱንም ዋጠው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደረቱን ነፍቶ በጎቹ የሚመዘኑበት ሚዛን ላይ ወጣ። ሲጀምር ዘጠና አንድ ኪሎ ነበር። አሁን ዘጠና ሦስት ሆኖ ቁጭ አለ። ወረደና ሚዛኑን ጠርጎ እንደገና ወጣበት። ያው ዘጠና ሦስት ነው።

ጎረቤቱ ጫኔ አጥሩን ተደግፎ ሲያይ ኖሯል። «አንተ ሰው፣ ሥጋ እንደ ውሻ ነው፤ በሮጥክ ቁጥር ይከተልሃል። አርፈህ ብትቀመጥ ይሻልሃል» አለው።

ትዕዛዙ አልሳቀም፤ ፈርቶ ነበር። ይህን ሁሉ ለፍቶ ከጨመረ እግሩን በምን ሊያድን ነው? ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ግን ተነሥቶ ዳገቱን ወጣ። ያስነሣው ተስፋ አልነበረም፤ እልህ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ፈንታ የሚባል ገበሬ አንድ ሙክት አምጥቶ ሚዛኑ ላይ አቆመ። ሠላሳ ስድስት ኪሎ አለ። ትዕዛዙ ሽንጡን ጨበጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ፈንታ፣ ይሄ ሙክት ማታ ጨው ልሶ ጠዋት ውሃ ሲገለብጥ ነው የመጣው። እኔ ውሃ አልገዛም። እዚህ ይዋልና ሲሸና ሲሸና ከሰዓት በኋላ እንመዝነዋለን።»

ፈንታ አቀርቅሮ ሳቀ። ትዕዛዙ ግን እጁ በሙክቱ ጀርባ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። የሰውን በግ ውሃ በጣቱ የሚለይ ነጋዴ፣ ራሱ ሲመዘን ጊዜ ሚዛኑን እንደ ወንጌል አምኖ ነበር። ጭኑን ጫን አድርጎ ነካው። ጠንክሯል፤ አሁንም ያመዋል።

ገበያውን ለጥሩሸዋ ትቶ ጤና ጣቢያ ሄደ። «ሳሌም፣ ሰውም እንደ በግ ውሃ ይይዛል?» አላት።

ሳሌም ሳቋ መጣ። «ይይዛል እንጂ ጋሼ። ሥራ ያልለመደ ጡንቻ በአንድ ጊዜ ሲደክም ይጎዳል፤ እስኪጠገን ውሃ ይቋጥራል። የጥቂት ሳምንት ነገር ነው፤ ሲለምደው ይለቀዋል። ብቻ እርስዎ እንዳያቆሙ።»

«ማን አቆመ?» አላት፤ ትንሽ ተቆጥቶም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሚዛኑን ለበጎቹ ተወው። ጥቅምት በውርጩ መጣ፤ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ጫኔም ተረቡ አለቀበትና አንዳንድ ቀን እስከ እኩሌታው ይሸኘው ጀመር።

ታኅሣሥ ላይ ሳሌም ደሙን መረመረች፣ መዘነችውም። ሰማንያ አምስት ኪሎ ሆኗል። «ስኳሩ ከደጃፍዎ ተመልሷል ጋሼ» አለችው። «ሄድኩ ብሎ እንዳያታልልዎት፣ ዳገቱን እንዳይተዉ።»

ቤቱ ገብቶ ጫማውን አወለቀ። ጥሩሸዋ አንሥታ ብታየው ሶሉ ተበሳስቷል። «ይሄማ አልቆለታል፤ ልጣለው?» አለችው።

ትዕዛዙ ተቀብሎ አገላበጠው። ቀኙም ግራውም እኩል አልቀዋል።

«አይጣልም» አለና፣ አጎንብሶ ሁለቱንም ከአባቱ ጫማ አጠገብ አስቀመጣቸው።