ታምራት በዲ ሜጀር የጻፈው ሲምፎኒ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለፓስተራችንም፣ እሑድ እሑድ አብሬያቸው ለምጸልየው ሽማግሌዎችም አልተናገርኩም። እኛ ጋ የንስሐ አባት የለም፤ ሰው ኃጢአቱን በቀጥታ ለእግዚአብሔር ይናዘዛል ብለን እናስተምራለን። እኔ ራሴ መድረክ ላይ ቆሜ አስተምሬዋለሁ። ለእግዚአብሔር ደግሞ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ግን እሱ ቀድሞ የሚያውቀውን መንገር ምን ድፍረት ይጠይቃል? ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ ልንገራችሁ። በወዳጄ ላይ በሐሰት መሰከርኩ። ታምራት ይባል ነበር።

ከታምራት ጋር የተዋወቅነው በስደት አገር፣ ፕሊማውዝ በምትባል ከተማ፣ የሕክምና ቱቦ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንሠራ ነበር። ሁለታችንም ሴንት ፖል ስለምንኖር ጠዋትና ማታ በመኪናዬ ራይድ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። አገር ቤት እሱ በሠራዊቱ ማርሽ ባንድ ውስጥ ክላርኔት ይነፋ ነበር። እኔ ግን ሙዚቃ ትምህርት ቤት አራት ዓመት ተቀምጬ በቫዮላ፣ ከቫዮሊን ተለቅ በሚለው መሣሪያ፣ ተመርቄያለሁ። እሱ ይህን ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ረስቼው አላውቅም።

ሴንት ፖል ውስጥ ነርሶች፣ አስተማሪዎችና ጡረተኞች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰቡ የሚጫወቱበት አንድ ትንሽ ኦርኬስትራ ነበር። እኔ ቫዮላ እጫወት ነበር። ታምራትንም ወደዚያ የወሰድኩት እኔው ነኝ፤ ሁለተኛ ክላርኔት ሆነ።

አንድ ዓመት ኦርኬስትራውን የምትመራው ኮንዳክተራችን ካረን ዊንተሩን በሙሉ በዲ ሜጀር የተጻፉ ሲምፎኒዎችን ብቻ እንድንጫወት ወሰነች። ዲ ሜጀር ደማቅ ቅኝት ነው። የቫዮሊንና የቫዮላ ክሮች ጣት ሳይነካቸው ክፍት ሆነው ያስተጋቡበታል፤ መለከትና ከበሮ ያምርበታል። የጥንቶቹ የአውሮፓ ደራሲዎች ደስታ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚመርጡት እሱን ነው። «እዚህ አገር በረዶው እስኪቀልጥ ሰው ደስታ ያስፈልገዋል» አለች ካረን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ታምራት መኪናዬ ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ሳያስር ወፍራም ፎልደር ጭኔ ላይ አስቀመጠ።

«ምንድነው?» አልኩት።

«ሲምፎኒ ነው። በዲ ሜጀር። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ከፍሮግታውን ቤተ መጻሕፍት ስለ ሐርመኒ የሚያስተምሩ መጻሕፍት እየተዋሰ፣ በብሬክ ሰዓት ካፊቴሪያ ጥግ ተቀምጦ፣ በእርሳስ፣ ስድስት ዓመት ሲጽፈው ኖሯል። እዚያ አጎንብሶ ሲጽፍ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ለዜግነት ፈተና የሚያጠና ነበር የመሰለኝ።

«በትዝታ ብታደርገው አይሻልም ነበር?» አልኩት።

«ትዝታማ ሁሉም ከኛ የሚጠብቀው ነው። እኔ እግዚአብሔርን ላመሰግንበት ነው የፈለግሁት። ልጅ ሰጥቶኛል፣ ጤና ሰጥቶኛል። በል፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ስህተት ካለው አርመኝ።» የቫዮላውን ድርሻ ደግሞ ለብቻው በንጹሕ ወረቀት ገልብጦልኝ ነበር። «ይቺ ያንተ ናት» አለኝ።

ቅዳሜና እሑድን ሳነበው ዋልኩ። ስህተት ነበረው፤ ጥቂት። በየገጹ ጠርዝ ምልክት እያደረግሁ ደስ እያለኝ ሄድኩ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ስደርስ ግን እርሳሴን አስቀመጥኩ። ዜማውን አውቀዋለሁ። ልጁ ሳሮን ጨቅላ ሳለች የምትተኛው መኪና ውስጥ ብቻ ነበር፤ እናቷን ከሥራ ልናመጣ በእኔ መኪና ስንሄድ ታምራት ከኋላ ሆኖ ያንን ዜማ ያንጎራጉርላት ነበር። ከየት አመጣኸው ብዬ ስጠይቀው «ከለቅሶዋ» ነበር ያለኝ። አሁን ክላርኔቱ ይጀምረዋል፣ ቫዮሊኖቹ ይቀበሉታል፣ ሴሎዎቹ ከሥር ይሸከሙታል። ወረቀቱ ላይ እያየሁት ሰማሁት።

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? የወዳጄ ሥራ አልነበረም? ቀናሁ። እኔ፣ የተመረቅሁት እኔ፣ በሕይወቴ አንድ ገጽ አልጻፍኩም። የማርሽ ባንድ ክላርኔት ነፊ ሲምፎኒ ጻፈ።

ታምራት ሲምፎኒውን ለካረን ሰጣት፤ ወስዳ አነበበችው። አንድ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ፊቷ በርቷል። «በመጨረሻው ኮንሰርት ላይ ላስገባው አስቤያለሁ» አለችኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የሁለተኛው ክፍል ዜማ የአገራችሁ የሕዝብ ዘፈን ነው ወይስ የራሱ? ፕሮግራሙ ላይ በትክክል መጻፍ እፈልጋለሁ።»

ጥያቄው ይኸው ነበር። ማንም አላስገደደኝም። «የራሱ ነው» ብል አለቀ።

«የሱ አይደለም» አልኳት። «የአንድ አስተማሪያችን ድርሰት ነው። እሳቸው ሞተዋል፤ ቤተሰባቸው ግን አለ።»

እንዲህ ያለ አስተማሪ አልነበረም። የሞተ ሰው ፈጠርኩ፣ ቤተሰብ ፈጠርኩለት። የካረን ፊት ሲለወጥ አየሁት፤ አይቼም አላቆምኩም። «እባክሽ ለሱ እንዳታነሺበት» አልኳት። «በባህላችን ትልቅ ውርደት ነው። ዝም ብለሽ መልሺለት።» ባህላችንን መሸሸጊያ አደረግሁት። እሷም አክብራኝ እንዳልኳት አደረገች። ፎልደሩን ከአጭር የምስጋና ደብዳቤ ጋር መለሰችለት።

ሰኞ መኪና ውስጥ ደብዳቤውን ደጋግሞ አነበበው። «ምን ጎድሎት ይሆን?» አለኝ። «አንተን ያለችህ ነገር የለም?»

«ታሜ፣ እነዚህ ሰዎች የኛን ነገር አይፈልጉም። ሁለተኛ ክላርኔት ስትነፋላቸው ነው የሚወዱህ።»

ፋብሪካው በር ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ሄደ። አያችሁ? አንዱ ሐሰት አልበቃኝም። በወዳጄ ላይ ዋሸሁ፣ ከዚያ ወደ ወዳጄ ዞሬ በካረን ላይ ዋሸሁ።

በዚያው ሳምንት ኦርኬስትራውን ተወ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ክላርኔቱን ዳግመኛ አላነሳውም። ፀደይ ሲገባ ሚስቱ ለሚስቴ ስታወራ ሰማሁ፤ ፎልደሩን እንዳለ ሪሳይክል፣ የወረቀት ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨምሮታል። ኮፒ አልነበረውም። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? እፎይታ ነው።

የቀረው በእኔ እጅ ያለው የቫዮላ ድርሻ ብቻ ነው። ቫዮላ አብዛኛውን ጊዜ ዜማ አይሰጠውም፤ መሐል ሆኖ ይሞላል። በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሁለት ድምፅ እያመላለስኩ እቆያለሁ፣ ከዚያ ዕረፍት ነው፣ ከዚያ እንደገና ሁለቱ ድምፆች። ዜማው ከላይ ነበር። ስንት ጊዜ ቫዮላዬን አንስቼ ልፈልገው ሞከርኩ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ድምፆች አገኛለሁ፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። አሁን ይህን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም።

ምክንያቱም ታምራት ባለፈው ዓመት በጉበት ካንሰር ሞተ። ሆስፒታል ልጠይቀው ሄጄ ሳሮን ውሃ ልታመጣለት ስትወጣ ብቻችንን ቀረን። እጄን ያዘኝ። ድምፁ ደክሞ ነበር።

«ያኔ እውነቱን የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። «ሌላው ቢሆን ያታልለኝ ነበር። ዕድሜዬን በከንቱ ልጨርስ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «ካረን ወድዳው ነበር» ማለት ብቻ! ሦስት ቃል። ሰውዬው ከመሞቱ በፊት ሥራው እንደተወደደ ሰምቶ ይሞት ነበር። እኔ ግን «አትናገር፣ ትደክማለህ» አልኩትና ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት። ሳሮን ስትገባ አባቷን ስንከባከብ አይታ ፈገግ አለችልኝ።

ከቀብሩ በኋላ ቤቴ መጣች። እንግዳ ክፍል ተቀምጣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። «አንክል፣ ዳድ ሲምፎኒ ጽፎ ነበር አይደል? ማም አንተ አይተኸዋል ትላለች። ከሱ የቀረ ነገር አለህ? አንድ ገጽም ቢሆን?»

ወረቀቱ ከተቀመጠችበት ሁለት እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ከሰጠኋት ወደ ኦርኬስትራው ትወስደዋለች። ካረን ዛሬም እዚያው ናት፤ ታስታውሳለች፣ ትናገራለች።

«የለኝም የኔ ልጅ» አልኳት።

«ኢትስ ኦኬ» አለችኝ። ተነሥታ አቀፈችኝ። «ጓደኛው ስለሆንክ አመሰግናለሁ።»

ይህን ከነገርኳችሁ በኋላ ቀናተኛ ነበርኩ፣ ወጣት ነበርኩ፣ ስደት አድክሞኝ ነበር ልበላችሁ? ወጣት አልነበርኩም። ስደቱም ታምራትን ከእኔ እኩል አድክሞታል፤ እሱ ግን ምስጋና ጻፈበት።

ሳሮን አማርኛ ትሰማለች እንጂ ማንበብ አትችልም። ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ነበር የጀመርኩት። ሁለት መስመር ጽፌ ተውኩት፤ እንግሊዝኛዬ ለዚህ አይበቃም አልኩ ለራሴ። ይህም ሐሰት ነው። ካረን ፊት የዋሸሁት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ያን ቀን አንድ ቃል አልጎደለኝም።

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው አንዷ ይህን ማንበብ አትችልም፤ እኔም ይህንኑ እያወቅሁ ነው በአማርኛ የጻፍኩት።