የአስታማሚው ልብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንጅባራ ስለተደረገ አንድ ፈተና እስካሁን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በዚያን ጊዜ የውስጥ ደዌ ሕክምና አስተምር ነበር። ተማሪዎቻችን የሦስት ወር ልምምዳቸውን ሲጨርሱ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ይፈተናሉ። ለዚያ ፈተና የተመረጠው ከዘንገና አካባቢ የመጣ ገበሬ ነበር፤ የልብ ቫልቩ ስለጠበበ ደሙ ሲያልፍ በማዳመጫ የሚሰማ ጉርምርምታ አለው። ካርዱ እንዲህ ይላል። ተማሪዎቹም ከዋዜማው ጀምረው ካርዱን ሸምድደውታል። ለእነርሱ ልብ ማዳመጥ ማለት የተጻፈውን መድገም ነበር። ይህን ያስተማርናቸው ደግሞ እኛው ነን፤ ፈታኞቹም ብንሆን ያየነው ካርዱን እንጂ ሰውየውን አልነበረም።

አራት ተፈታኞች በየተራ አልጋው ላይ ወደተኛው ሰው ደረት አጎነበሱ። ሦስቱ ጉርምርምታውን እንደ ዳዊት አነበነቡት። ዋናው ፈታኝ፣ ከማዳመጫው ይልቅ ከረባቱን መነካካት የሚወድ ሰው፣ በየተራው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። አራተኛዋ ተማሪ ግን ረጅም ጊዜ አዳምጣ ቀና አለች።

«ለእኔ ምንም አልተሰማኝም።»

«ጆሮሽን ቤት ረስተሽው መጣሽ?» አላት ዋናው ፈታኝ። ሦስቱ ሳቁ።

ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ እስኪ እርስዎ ያዳምጡት።»

አዳመጥሁ። ንጹሕ ልብ ነበር።

«ይሰማል» አልሁ።

ወደቀች። ልምምዱን ከመጀመሪያው እንድትደግም ፈረምን።

ወዲያው ጋቢ የተከናነበ ሰው በሩን ገፍቶ ገባ። «ፀሐይ ልሞቅ ወጥቼ ዘገየሁ፣ ጌቶቼ። ወንድሜን ነው እንዴ የምታዩት?»

የተኛው ተነሥቶ ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ። «ምን ላድርግ? ጋውን የለበሰ ሁሉ ‘ተኛ፣ ተንፍስ’ ሲለኝ ተኛሁ፣ ተነፈስሁ። እኔ እኮ አስታማሚ ነኝ!»

ዋናው ፈታኝ አላፈረም። «ወንድማማቾች አይደሉ? የቤተሰብ በሽታ ይሆናላ!» ብሎ መዝገቡን ከደነ። እኔም ፊርማዬን አልሰረዝሁም።

ያን ባለከረባት ስንቀው ኖሬአለሁ። እርሱ ግን አላዳመጠም ነበር። እኔ አዳምጬ ዋሸሁ።

ተማሪዋ ሦስቱን ወር ደገመች፤ ያውም በእኔ ሥር። ጠዋት ከአልጋ አልጋ ስንዞር፣ ማዳመጫዋን ከማሳረፏ በፊት ጎንበስ ብላ፣ እኔ በደንብ እንድሰማ አድርጋ፣ «አባባ፣ ታማሚው እርስዎ ነዎት?» ትላለች።

በሽተኞቹ ይስቃሉ። እኔ ካርዱን አገላብጣለሁ።