ነጠላ የለበሱ ጠያቂዎች

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጎረቤታችንን ጋሽ ታደሰን ልንጠይቅ ሆስፒታል ሄድን። በመድኃኒት ተኝተው በማሽን ነው የሚተነፍሱት። በሩ ላይ ስንደርስ አብረውኝ የመጡትን ሴቶች አስቆምኩና «ነጠላችሁን አውልቁ!» አልኳቸው። ደነገጡ፤ ጸባዬን ስለሚያውቁ ግን አልተከራከሩኝም።

እኔ ያየሁትን አላዩማ!

በፈረንጅ ዘጠናዎቹ ነው። እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር ከአክስቴ ልጅ ከአዳነች ጋር እኖር ነበር፤ ገና ወጣት ነኝ። በረዶ ላይ ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ የያዘኝ ብርድ ሳንባ ምች ሆነና ጣለኝ። ሐኪሞቹ «ትንሽ እናስተኛሻለን» ሲሉኝ ትዝ ይለኛል።

ስነቃ፣ መንቃት ከተባለ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ አለ። እንዳልነቅለው እጄን ከአልጋው ጋር አስረውታል። ክፍሉ ነጠላ በለበሱ ሰዎች ጢም ብሏል፤ ሁሉም ያለቅሳሉ። አዳነች በኋላ እንደነገረችኝ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ለእኔ ግን አገር ምድሩ መጥቷል። በጠዋት ነጠላውን ለብሶ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው መርዶ ካልሆነ ምን ይዞ ይመጣል? ደሴ ያለችው እናቴ ሞታለች! ልጮህ ፈለግሁ፤ ድምፅ የለኝም። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ቱቦው እንደወጣ «እማዬ መቼ ተቀበረች?» አልኩ።

«ኧረ በስመ አብ! እትዬ ደህና ናት» አለች አዳነች።

እኛ ደግሞ ሰው ሲሞት፣ የሞተበት ሰው ታሞ ከሆነ እስኪጠነክር «ደህና ነው» እንለዋለን። ስለዚህ በማለችልኝ ቁጥር ሞቷን ይበልጥ አመንኩ። ቤት ገብቼ አጥሚት ስታጠጣኝ እንኳ ለመርዶው አቅም እንዳገኝ መሰለኝ። ደሴ ደወልን። አክስቴ አነሳችና «ጠበል ሄዳለች» አለችን። በቃ! ይሄም ሞት ሲደበቅ የሚባል ነው። ከዚያ በኋላ በር ሲንኳኳ ቁም ሳጥን ውስጥ መደበቅ ጀመርኩ።

እማዬ ከጠበል ስትመለስ ራሷ አነጋገረችኝ። አላመንኳትም፤ እሷና አክስቴ ድምፃቸው አይለይም።

«አንቺ እናቴ አይደለሽም። እናቴ ሞታለች» አልኳት።

«ለመሆኑ ደህና አድርገሽ አለቀስሽልኝ?» አለች።

እንዲህ የምትለው እሷ ብቻ ናት። ስልኩን እንደያዝኩ ተንሰቀሰቅሁ። ፍርሃቱ ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ እሁድ ጠዋት በር ሲንኳኳ እስከ ዛሬ ዓይኔ ወደ ቁም ሳጥኑ ይሄዳል።

ባለፈው እሁድም ነጠላዬን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ገባሁ። የጋሽ ታደሰ ዓይን በከፊል ተገልጧል፤ እጃቸው ታስሯል። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብዬ «ጋሼ፣ ማንም አልሞተም። ልንጠይቅዎት ነው የመጣነው» አልኳቸው።

ያምኑኝ እንደሆነ እንጃ፤ እኔም አላመንኩም ነበር። ነገም ሄጄ እነግራቸዋለሁ።