ሲ ሰውን ያምናል

በገበሬዎች ማኅበሩ ኮምፒውተር ላይ ስሜ ቦታው አልበቃው ብሎ የጎረቤቴ ስም ላይ ፈሰሰ፤ መዝገቡ ተበላሽቶ ከማኅበሩ የሚታደለኝ የገብስ ዘርም በዚያው ቀረ። ጥፋቱ የአጎቴ ነው። ከሆሳዕና እስከ ጊምቢቹ በየማኅበሩ ኮምፒውተርና ስልክ ስም የሚመዘግበውን ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች ሁሉ የሚጋሩትን ኮድ፣ ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ልጃቸው፣ “አባዬ፣ ራስት በሚባለው ቋንቋ እንቀይረው። ራስት ስም ከቦታው ሲያልፍ እምቢ ይላል፤ ሲ ግን ዝም ብሎ ጎረቤት ላይ ይደፋል” ትላቸው ነበር።

እሳቸው፣ በራቸውን እንኳ ቆልፈው የማያውቁት ሰውዬ፣ “ሲ ሰውን ያምናል!” ይሉ ነበር። ሁልጊዜ ይህችኑ።

“የኔ ዘርስ?” አልኳቸው።

“አንተ ደግሞ ስምህን አሳጥራ!”

አላሳጥርም! ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው። እስከ አያቴ ድረስ መጻፍ የቻልኩትን ስም ለማሽን ብዬ አልቆርጥም።

ሳንታረቅ ሞቱ። ዛሬም እግሬ ወደ ደጃቸው ይወስደኛል፤ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ብቆጣ የሚመልስልኝ የለም። ልጃቸው ሁሉንም በራስት እንደ አዲስ ጻፈችው። ስሜ እስከ አያቴ ድረስ፣ የማንንም ሳይነካ የገባው በሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ በያሆዴ ማግስት፣ ሐሙስ ዕለት ነው።