ማህተም ያረፈባቸው መጻሕፍት

ቂመኛ ነኝ፤ አልደብቅም። እሁድ እሁድ ስለ ይቅርታ ሲሰበክ ለጎረቤቴ ብቻ የተሰበከ ይመስል ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። የሶዶው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የሠራኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትማ።

ዓይነ ስውር መምህር ነኝ። ታነብልኝ የነበረችው እህቴ አግብታ ገሱባ ከተማ ስትገባ፣ የዲግሪዬን መውጫ ፈተና በማን ዓይን ላጥና? ቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍትን በኮምፒውተር ማስነበብ ጀመረ ሲባል ሰማሁና፣ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልኝን ፕሮግራም ተማምኜ የጆሮ ማዳመጫዬን ይዤ ሄድኩ። አንዱን መጽሐፍ ከፈትኩ። ፕሮግራሙ «ባዶ ሰነድ» አለኝ። ሌላውንም ከፈትኩ፤ ያው ነው።

ነገሩን ያጣራችልኝ እዚያው የምትሠራ ሴት ናት። መጻሕፍቱ ሲላኩ ደህና ጽሑፍ ነበሩ። ኃላፊው ግን ማህተም የሌለው ነገር ከቢሮዬ አይወጣም ብሎ፣ ሁሉንም ፕሪንት አስደርጎ፣ ገጽ በገጽ ማህተም አስመትቶ፣ መልሶ ስካን አስደረጋቸው። ፎቶ ሆነው ቀሩ፤ የኔ ፕሮግራም ደግሞ ፎቶ አያነብም። ቢሮው ገብቼ የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች እንዲሰጠኝ ለመንኩት።

«ለአንድ ሰው ተብሎ አሠራር አይቀየርም» አለኝ።

ፈተናውን ወደቅሁ። የዚያን ሰሞን እንቅልፍ የሚወስደኝ ቂሜን እያላመጥኩ ነበር።

ከዚያ የኮምፒውተር ንባቡ አገልግሎት የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። ኃላፊው ራሱ ደውሎ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ ከዞን እንግዶች ስለሚመጡ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብለህ ስታዳምጥ ይዩህ አለኝ። ምን ገዶኝ፤ ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። እንግዶቹ ከኋላዬ ቆመው እሱ ቤተ መጻሕፍታችን ለሁሉም አንባቢ ክፍት ነው እያለ አፉን ሞልቶ ሲናገር፣ የማዳመጫውን ገመድ ነቀልኩና ድምፁን እስከ ጥጉ ለቀቅኩት።

«ባዶ ሰነድ» አለ ኮምፒውተሩ። ቀጣዩን ነካሁ። «ባዶ ሰነድ።»

አንዲት እንግዳ ምን እያለ ነው ብላ ብትጠይቀኝ፣ ከማህተሙ እስከ ወደቅሁት ፈተና አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ማህተም የሌላቸው ፋይሎች ሳምንት ሳይሞላ ተጫኑ። ለሚቀጥለው ፈተና ተቀምጬ ሳጠና ኃላፊው መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«መምህር፣ ይቅር በለኝ» አለ፤ እጁን መዘርጋቱን በኮቱ ኮሽታ አወቅኩ።

ዓይነ ስውር ነኝ፤ የተዘረጋ እጅ አላይም። ማንበቤን ቀጠልኩ።